ወደ ሜዳው የሚገባው ማን ነው? ስለ ስፖርት አስተዳደርና ስለ ማኅበራዊ ለውጥ

ስለ ገና ጨዋታ ሲነሣ ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚነግሩን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በዚያ ዕለት ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢመታ ጌታው እንዳይቆጣ ልማዱ ያስገድደው የነበረ መሆኑ ነው። ብዙዎች ይህን የእኩልነት ምልክት አድርገው ይጠቅሱታል። ነገር ግን ፈቃዱ የአንድ ቀን ፈቃድ ነበረ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጌታም ጌታ፣ ሎሌም ሎሌ ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጨዋታውም የወንዶች ጨዋታ ነበረ።

ዘመናዊው ስፖርት ከዚህ የሚለየው በሕጉ ብዛት ብቻ አይደለም። ለገና ሩርና ዱላ ይበቃሉ፤ ለእግር ኳስ ውድድር ግን ማኅተም ያለው ጽሕፈት ቤት ያስፈልጋል። እንግዲህ ተመራማሪው ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ መጠየቅ አለበት፤ አንደኛው መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ተጫዋቾች እንዴት ይዳኛሉ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው መስመሩን አልፎ እንዲገባ የሚፈቀድለት ማን ነው የሚለው ነው። ስለ ስፖርት ማኅበራዊ ጥቅም የሚጻፈው አብዛኛው በመጀመሪያው ይረካል። በእኔ አስተያየት ግን ክብደቱ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው።

የአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት በጉዳዩ የተሳተፉት አገሮች ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች፣ ሕንዶችና ክልሶች በአንድነት ያቋቋሙት ፌዴሬሽን ቢኖርም፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ማለት ፊፋ የተቀበለው የነጮቹን ማኅበር ነበረ። ይኸው ማኅበር ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እልካለሁ እንጂ የተደባለቀ አልልክም አለ። ሦስቱ አገሮች አልተቀበሉትም። ደቡብ አፍሪካ ራስዋ ወጣች ወይስ ተባረረች በሚለው ላይ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አይስማሙም፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። ዕጣ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ያገናኛት ኢትዮጵያ አንድ ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ቡድናችን ለመርሑ የከፈለው ዋጋ ነው ብሎ የሚቀልድ ቢኖር አልፈርድበትም።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ ፊፋ ተዛወረ። ፊፋ በመስከረም 1954 ዓ.ም. የነጮቹን ማኅበር አገደ። ፕሬዚዳንቱ ሰር ስታንሊ ራውስ ደቡብ አፍሪካን ከጐበኙ በኋላ ግን በጥር 1955 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ። ማኅበሩም ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ የነጮች፣ ለ1962ቱ የሜክሲኮ ዋንጫ የጥቁሮች ቡድን ለመላክ አሰበ! በመስከረም 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የተሰበሰበው ጉባኤ እገዳውን መለሰው፤ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ደግሞ በሞንትሪያል ማኅበሩን ፈጽሞ አሰናበተው።

በጥር 1955 እና በመስከረም 1957 መካከል ምን ተለወጠ? የቀረበው ማስረጃ ያው ነበረ፤ የዘር መለያየት ሥርዓትም ያው ነበረ። የተለወጠው ውሳኔው የተሰጠበት ቦታና እጅ የሚያወጡት ሰዎች ቍጥር ነው። እገዳውን ያነሣው ጥቂቶች የሚቀመጡበት የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሲሆን፣ የመለሰው ግን ትልቅም ሆነ ትንሽ እያንዳንዱ አገር አንድ ድምፅ ያለው ጉባኤ ነው። በነዚያ ዓመታት ነፃነታቸውን ያገኙት የአፍሪካ አገሮች ወደዚያ ጉባኤ በብዛት ገብተው ነበር። በሰኔ 1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ሰር ስታንሊ በብራዚላዊው ጆአዎ አቬላንዥ ሲሸነፉ፣ አቬላንዥ የአፍሪካን ድምፅ ከጠየቁባቸው ተስፋዎች አንዱ ደቡብ አፍሪካ ከውጭ እንድትቆይ ማድረግ ነበረ። ስለዚህ ለውጡን ሕሊና ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ የመተዳደሪያ ደንቡም ድርሻ አለው።

ይህን ከሁሉ አስቀድመው ከተረዱት አንዱ ከመሥራቾቹ መካከል የነበሩት፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የእርሳቸው ትውልድ በፋሺስት ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ ኢትዮጵያውያን ከጣሊያኖች ተለይተው እንዲጫወቱ ሲደረግ አይቷል። የዘር አጥርን ለማወቅ ጆሃንስበርግ ድረስ መሄድ አላስፈለጋቸውም።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው ጥያቄ በዚያው በኮንፌዴሬሽኑም ላይ ይመለሳል። የወንዶቹ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና የተደረገው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ 34 ዓመታት አለፉ። ለራሳቸው ድምፅ የታገሉት ማኅበራት በነዚህ ዓመታት የላኳቸው ተወካዮች ወንዶች ነበሩ ለማለት ይቻላል። በጉባኤ ምርጫ የፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል የሆነችው የመጀመሪያዋ ሴት ቡሩንዳዊቷ ሊዲያ ንሴኬራ ስትሆን፣ የተመረጠችውም በግንቦት 2005 ዓ.ም. ነው።