ልጁ ሊተኛ ሲል ለምን ይወዛወዛል?

አክስቴ አንድ ማታ ደወለችልኝ፦ «ልጁ ሊተኛ ሲል ጭንቅላቱን ከአልጋው ጋር ያጋጫል። የሚጥል በሽታ ይሆን?»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። አዝለን እሹሩሩ ስንለው እንደሚረጋጋው ሁሉ፣ እየተወዛወዘ ራሱን የሚያባብል ይመስላል። ብዙ ሕፃናት በመጀመሪያው ዓመት ይጀምሩታል፤ አብዛኞቹ 5 ዓመት ሲሞላቸው ትተውታል።

እንዳይጎዳ ብላችሁ ትራስ አትደርድሩለት፤ በተለይ ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ሊያፍነው ይችላል። ይልቅ የአልጋውን ብሎኖች አጥብቁ።

ራሱን ካቆሰለ፣ ቀንም ካዘወተረው ወይም እድገቱ ከዘገየ በስልክ ቀርጻችሁ ለሐኪም አሳዩ። ሰውነቱ ደርቆ አልነቃ ካለ ወይም መተንፈስ ካቃተው ወዲያው 911 ደውሉ። ለሌላ ጥያቄ እዚህ ኦንታሪዮ 811 ላይ ነርስ 24 ሰዓት በነፃ ታገኛላችሁ።