«ጨጓራ ነው» እየተባለ የሚከርመው የሐረር ጉበት

ፈረስ መጋላ አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት የራስ ምታት ክኒን ልገዛ ተራ ይዤ ሳለ ሁለት ወንድማማቾች ገቡ። ታናሹ ሠላሳን ብዙም ያልዘለለ ገበሬ ነው። ክንዱ መንምኖ አጥንቱ ይታያል፤ ሆዱ ግን ሽርጡን ገፍቶ ተወጥሯል። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ታላቅየው ከፌስታል የተጣጠፉ ወረቀቶች አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ፦ የዊዳል ምርመራ፣ የሰገራ ምርመራ፣ እንደገና ዊዳል፣ የሲፕሮና የኦሜፕራዞል ማዘዣ። «እህቴ፣ ያንኑ የጨጓራውን ስጪን» አላት። ባለሙያዋ ወረቀቶቹን ትታ የታማሚውን ዓይን አየች። «ይሄ ጨጓራ አይደለም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰደው፤ ነገ እንዳትል» አለችው።

ከዚያ ሁሉ ወረቀት መካከል ስለ ጉበት የሚናገር አንድም አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ነው።

ሐረር ላይ ሆዴን ያለ ሰው የሚሰጠው የበሽታ ስም አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ ጨጓራ፣ ታይፎይድ ወይም አሜባ። ሦስቱም በእርግጥ አሉ። ችግሩ የሚለዩበት መንገድ ነው። ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል ከ1896 ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «ፖዘቲቭ» ሲል ሰውየው ድሮ የታመመበትን ወይም ሌላ ተዛማጅ ባክቴሪያ የተወውን ምልክት እያሳየ ሊሆን ይችላል። አሜባም ቢሆን፣ በሽታ አምጪው ሂስቶሊቲካና ጉዳት የሌለው ዲስፓር በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው። ለጨጓራ ቁስለት ዋናው ምክንያት ኤች ፓይሎሪ መሆኑን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን አሳይተው በ2005 ኖቤል ተሸልመውበታል፤ ብዙ ክሊኒክ የሚሠራው የደም ምርመራ ግን ባክቴሪያው አሁን ይኑር ወይም ድሮ የነበረ ይሁን አይለይም። የሰገራ አንቲጅን ምርመራ የተሻለ ነው። እነዚህ ምርመራዎች ዋጋቸው ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርሳሉ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ስም አያጡም። ስም ከተገኘ ደግሞ ፍለጋው እዚያው ይቆማል።

«ሰው ስም ይዞ መሄድ ይፈልጋል፣ ልጄ» አሉኝ ለረጅም ዓመታት በላቦራቶሪ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ስማቸው እንዳይጻፍ የጠየቁኝ የሐረር እናት። «ምንም አላገኘንብህም ካልከው ተቆጥቶ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል። ታይፎይድ ነው ካልከው መርቆህ ይወጣል። ጉበቱ እያለቀ ታይፎይድ ተብሎ የተሸኘ ስንት ሰው አይቻለሁ!» ዝም ካሉ በኋላ ቀጠሉ። «ደግሞ ወጣቱ ነው የሚመጣው። ሽማግሌ ቢሆን ዕድሜ ነው እል ነበር። ልጆቹ ገና ጡት አልጣሉም፤ እሱ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ደም ያስታውካል። አልኮል ትጠጣለህ ወይ ይሉታል። ወላሂ ቀምሼ አላውቅም ይላል፤ እውነቱን ነው። በቀን ስንት ሰዓት ትቅማለህ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም።»

ይህንኑ ጥያቄ አንሥተው የሠሩ ሰዎች አሉ። የኖርዌይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ2015 እና በ2016 በጀጎል ሆስፒታልና በሕይወት ፋና ሆስፒታል ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን 150 ሰዎች መዝግበው ከ300 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 30 አካባቢ ነበር፤ አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ አልኮልና ሌሎችም የታወቁ መንስኤዎች ተፈተሹ። ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ሄፓታይተስ ቢ ተገኘባቸው። ከግማሽ በላይ ለሆኑት ግን ከታወቁት አንዱም ምክንያት አልተገኘም፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ጫት የሚቅሙ ነበሩ። በ2018 ሄፓቶሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣው ንጽጽር እንደሚያሳየው፣ በወንዶች ዘንድ የቃሙበት ዓመትና መጠን በጨመረ ቁጥር የበሽታው ዕድልም አብሮ ይጨምራል። የእንግሊዝ ሐኪሞችም ቀደም ብለው ከምሥራቅ አፍሪካ በሄዱ ወጣት ቃሚዎች ላይ ብርቱ የጉበት ቁጣ መዝግበዋል፤ ለአንዳንዶቹ ጫቱን ሲተዉ ጉበታቸው ተመለሰ፣ ሲጀምሩት ሕመሙም ተመለሰ።

ጫት ለሐረር የትናንት እንግዳ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የኢፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ መዛቱን ይተርካል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ፔተር ፎርስኮል ቅጠሉን በየመን መዝግቦ በ1763 እዚያው ሞተ፤ ሥራውን የጉዞ ባልደረባው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ሪቻርድ በርተን በ1855 መባቻ ሐረር ሲገባ ሊቃውንቱ በአሚሩ ሹም ቤት ተሰብስበው በጸሎት መካከል ሲቅሙ አይቶ ጽፏል። ሐረርን በሚከበው በአሚር ኑር ግንብ ውስጥ ቅጠሉ የዱዓና የትምህርት ጓደኛ ሆኖ ኖሯል። ካቲኖን የተባለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ከትኩሱ ቅጠል የተለየው በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ይቀንሳል። ከአወዳይ የሚነሣው መኪና ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊላንድ እንደዚያ የሚፈጥነው ለዚህ ነው። ዛሬ ግን በርጫው የሊቃውንት ብቻ አይደለም። የቀን ሠራተኛው፣ ሹፌሩና ገበሬው ማለዳ ሀራራውን ሊያበርድ ይጀምራል፤ ከምሳ በኋላ ይደግማል። ጫቱን የሚያለማው ገበሬ የቤተሰቡ ቀለብ፣ የልጆቹ ደብተር ከዚያው ቅጠል ነው። ይህን የማይዝ የጤና ምክር ሰሚ አያገኝም።

ጫት ብቻውን ተከሳሽ መሆንም የለበትም። በአገሪቱ የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ላይ ተሰልተው በ2016 ሲታተሙ ሄፓታይተስ ቢ 7.4 በመቶ፣ ሄፓታይተስ ሲ 3.1 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። የሄፓታይተስ ቢ መከላከያን የያዘው፣ ለሕፃናት የሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት የገባው በ2007 በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው አልተከተበም። ከሐረር ወጣ ብሎ የሚመረተውን የምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ የመረመሩ ሰዎች በአብዛኞቹ ናሙናዎች አፍላቶክሲን አግኝተዋል። ይህ የሻጋታ መርዝ ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ሲገናኝ የጉበት ካንሰርን አደጋ እጅግ ያባዛዋል። ስለዚህ ሐረር ላይ ጉበት ሲታመም ጫቱም፣ ቫይረሱም፣ ማዕዱም አብረው መመርመር አለባቸው።

በአገራችን እንዲህ ያለ ፍለጋ ፍሬ ያፈራበት ጊዜ አለ። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ከ2001 ጀምሮ የአንድ መንደር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። መርማሪዎች ውሃውን፣ እህሉንና ጎተራውን ፈትሸው ከማሳ አረም ወደ እህሉ የገባ የጉበት መርዝ አገኙ። መልሱ የተገኘው ሕዝቡ ምን እንደሚበላ ቤቱ ድረስ ሄደው ስለጠየቁ ነው።

እኔም ለጤናው ዘርፍ አንድ ኃላፊ ጥያቄዬን አቀረብሁ፦ ለሆድ ሕመም የመጣ ሰው ካርዱ ላይ የጫት ልማዱ ይመዘገባል? «ስለ ጫት መግለጫ የምሰጠው እኔ አይደለሁም» አሉኝ። የሚሰጠው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ስብሰባ አለብኝ ብለው ተነሡ። ስልካቸውም ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ጫት ገቢም ፖለቲካም መሆኑ ይገባኛል። እኔ የጠየቅሁት ግን ስለ ካርድ ነበር።

የዘገየ ምርመራ ዋጋው ከባድ ነው። ጠባሳው ከጠና፣ ሆድ ውሃ ከቋጠረ፣ የጉሮሮ ደም ሥር ከፈነዳ በኋላ ሐኪም ብዙ የሚያደርገው አይኖረውም፤ የጉበት ንቅለ ተከላም ለሐረር ገበሬ የማይደረስ ነው። ቀድሞ ከተደረሰ ግን መንገድ አለ። ሄፓታይተስ ቢን የሚቆጣጠረው ቴኖፎቪር ለኤችአይቪም የሚሰጥ፣ በአገሩ ያለ መድኃኒት ነው። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሕክምናው ከ2015 ጀምሮ ሲሰጥ፣ አቅሙ ውስን በሆነ አገርም እንደሚቻል አሳይቷል። ጉበቱ በጫት የተቆጣ ሰው ደግሞ በጊዜ ቢተው የመዳን ተስፋ አለው።

ጡረተኛዋ እናት ይህንኑ በራሳቸው ቋንቋ አሉት፦ «አትቃም ብለህ አትጀምር፤ ይሸሽሃል። ስንት ዓመት ቃምክ፣ ወንድሜ፣ ብለህ ጀምር። ያን ጊዜ ራሱ ይነግርሃል።»

የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው። ሳይሻለው ሁለተኛ ጊዜ ለሆዱ የመጣ ሰው ሁሉ የሄፓታይተስ ቢ የጣት ደም ምርመራ ይደረግለት፤ የጉበት ኢንዛይሙና የፕሌትሌት ቁጥሩ ይታይ፤ ከሁለቱ የሚሰላው ነጥብ ጠባሳን ይጠቁማልና። ሦስተኛው ጫት የቃመበትን ዓመታትና መጠን መጠየቅ ነው። ይህ ሪኤጀንት አይፈጅም፣ በጀት አይጠብቅም፣ መግለጫም አያስፈልገውም። ይህ ጥያቄ ያልተጻፈበት የሆድ ታማሚ ካርድ በሐረር መኖር የለበትም።