ትራስ፣ ጋቢና ወንበር ለወገብ፦ ተረቱና እውነታው

ወገቡን ያመመው ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «ኩላሊትህ ነው፣ ውሃ አብዛ» ይለዋል፤ ሌላው «ብርድ መትቶህ ነው፣ ተጠቅልለህ ተኛ»፤ ሦስተኛው ፍራሹን ትቶ መሬት ላይ እንዲተኛ ያዘዋል። አሁን አሁን «ዮጋ ሥራ» የሚለውም በርክቷል። ዮጋ ሲባል ግን ለብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣው በአንድ እግሩ ቆሞ የተጠማዘዘ ወጣት ነው። እኔ የማነሳው ሌላውን ዓይነት ነው፤ መከዳ፣ የተጣጠፈ ብርድ ልብስና ወንበር ተደግፎ፣ በአንድ አኳኋን ከ5 እስከ 20 ደቂቃ የሚቆዩበትን የዕረፍት ዮጋ። በዚህ ዙሪያ የሚወራው ተስፋም ሆነ ፍርሃት ከልክ ያለፈ ነው።

የኩላሊቱን ነገር ባጭሩ ላንሳ። ሲያጎነብሱ ወይም ከመቀመጫ ሲነሱ የሚብስ የታችኛው ወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ፣ የመገጣጠሚያ ወይም የዲስክ ነው። የኩላሊት ሕመም ከጎድን አጥንት ሥር ወደ ጎን ይሰማል፤ ተገላብጠው ቢተኙም እምብዛም አይቀልም፤ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የሽንት ለውጥ ሊከተለው ይችላል።

«ወገብ ሲያም መፍትሔው መተኛት ነው» የሚለው እምነት ለረጅም ዘመን የሐኪሞችም እምነት ነበር። በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ለአንዱ ቡድን የ2 ቀን፣ ለሌላው የ7 ቀን የአልጋ ዕረፍት ታዘዘ። 2 ቀን የታዘዘላቸው ሕመማቸው ከሌሎቹ አልባሰም፤ ከሥራ የቀሩበት ቀን ግን አነሰ። በ1995 በፊንላንድ ርዕሰ ከተማ በሄልሲንኪ የተደረገው ደግሞ አንድ እርምጃ ገፋ፦ አልጋ ላይ ከቆዩትም፣ የተለየ የጀርባ ስፖርት ከተሰጣቸውም ይልቅ፣ ሕመሙ እንደፈቀደላቸው የዕለት ኑሯቸውን የቀጠሉት ፈጥነው አገገሙ። ለቀናት የተኛ ጡንቻ ይደክማል፤ ሰውየውም መንቀሳቀስን እየፈራ ይሄዳል።

ታዲያ ተደግፎ መተኛትን የሚያስተምረው ዮጋ ከዚህ ጋር አይጣላም? አይጣላም፤ ልዩነቱ የሩብ ሰዓትና የሳምንት ነው። ወገብ ሲያም በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ሊከላከሉለት ይኮማተራሉ፣ መኮማተሩ ራሱ ሌላ ሕመም ይጨምራል። የዕረፍት ዮጋ ይህን ውጥረት ለጥቂት ደቂቃ አላልቶ ሰውየውን ወደ እንቅስቃሴው ይመልሰዋል።

«መደገፊያ የሚያስፈልገው ለደካማና ለሽማግሌ ነው» የሚለውን በተለይ ብንተወው ደስ ይለኛል። መደገፊያን በዮጋ ውስጥ ያስፋፉት ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር በ1918 በደቡብ ሕንድ ቤሉር የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በወባ፣ በታይፎይድና በሳንባ ነቀርሳ የተሠቃዩ ሰው ነበሩ። ፑኔ ከተማ በ1975 በተከፈተው ተቋማቸው ገመድ፣ ቀበቶ፣ የእንጨት ጡብና ተጣጣፊ ወንበር የትምህርቱ አካል ነበሩ። ተማሪያቸው የነበሩት አሜሪካዊቷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጁዲት ሃንሰን ላሳተር ይህን ወስደው፣ ዕረፍትን ብቻ የሚያስተምር ዘርፍ አድርገው በ1995 በመጽሐፍ አስፋፉት።

የመደገፊያው ሥራ ግልጽ ነው። ክብደት ተሸክሞ ያለ ጡንቻ አይላላም። እግርን ዘርግተው በጀርባ ሲተኙ ከወገብ አከርካሪ ተነስቶ ጭን አጥንት ላይ የሚያርፈው ጡንቻ ይሳባል፣ ወገብም ከመሬቱ ከፍ ብሎ ይቀራል። ጉልበት ታጥፎ ባቶች ወንበር ላይ ሲያርፉ ያው ጡንቻ ይለቃል። ለመሞከር ምንጣፍ ላይ በጀርባ ይተኙና ባቶችዎን ወንበሩ መቀመጫ ላይ ያሳርፉ። አገጭዎ ወደ ላይ እንዳይቀና የተጣጠፈ ጋቢ ከጭንቅላትዎ ሥር ያድርጉ። ሰውነት ሲያርፍ ስለሚቀዘቅዝ ነጠላ ወይም ብርድ ልብስ ይልበሱ። በአፍንጫ በቀስታ ይተንፍሱ፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ይርዘም። ከ10 ደቂቃ በኋላ በድንገት ቀና አይበሉ፤ ወደ ጎን ይንከባለሉና በእጅዎ ተደግፈው ይነሱ።

እዚህ ላይ «ካልሳበኝ አልጠቀመኝም» የሚለው አስተሳሰብ አይሠራም። ይህ ጡንቻ የመሳብ ስፖርት አይደለም። የሚስብ ነገር ከተሰማዎ መደገፊያው አንሷል ማለት ነው፣ ሌላ ትራስ ይጨምሩ። አየር ላይ የተንጠለጠለ ጉልበት ወይም ክንድ ካለም ሥሩን ይሙሉለት።

«የተንሸራተተ ዲስክ ወደ ቦታው ይመልሳል» የሚሉ አስተማሪዎች ግን ያሳዝኑኛል፤ በታመመ ሰው ተስፋ ይጫወታሉና። መከዳ ዲስክ አይገፋም። ደግሞም የወጣ ዲስክ ሁሉ የሕመም ምክንያት አይደለም፦ በ2015 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን 84 በመቶው በምስል ሲታዩ ያበጠ ዲስክ እንዳላቸው አሳይቷል። የዮጋ ማስረጃም በትክክል ይነገር። በ2017 ቦስተን ላይ 320 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ዮጋ ለቆየ የወገብ ሕመም ከፊዚዮቴራፒ የማያንስ ሆኖ አገኘው፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መካከል መደበው። እነዚያ ትምህርቶች ግን መቆምንና ማጠንከርን የያዙ ነበሩ። ስለዚህ ባትን ወንበር ላይ አሳርፎ መተኛት ብቻውን ሕክምና ሊባል አይችልም፤ በእግር መሄድና ማጠንከሪያው አብረው ይምጡ።

መጀመሪያ ላይ ስላነሳሁት ፍራሽም፣ ስፔን ውስጥ 313 ሰዎች ላይ በ2003 የተደረገው ጥናት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው እንደሚሻል አሳይቷል።

«ዮጋ የሠራ ሃይማኖቱን ካደ» ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ስጋቱን አላቃልለውም። ዮጋ ከሕንድ መንፈሳዊ ባህል የወጣ ነው። እግርን ወንበር ላይ ሰቅሎ መተኛትን ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም ያለ ምንም ዝማሬና ጸሎት ለሕመምተኞቻቸው ያዛሉ፤ አኳኋኑን ብቻ መውሰድ ይቻላል።

የመጨረሻው ተረት «ማንንም አይጎዳም» የሚለው ነው። እርግዝናዋ የገፋ ሴት በጀርባ ሳይሆን በግራ ጎኗ ትረፍ። ግላኮማ ያለበት ሰው እግርን ግድግዳ ላይ ከመስቀሉ በፊት የዓይን ሐኪሙን ይጠይቅ፤ አጥንቱ የሳሳም በጥልቅ አያጎንብስ። እግር ከዛለ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ካስቸገረ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ሌሊት የሚብስ ሕመም ከትኩሳት፣ ከላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ደግሞ የአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊሆን ይችላል፤ በኢትዮጵያ ይህ ሩቅ ጥርጣሬ አይደለም። ነቀርሳው ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ አከርካሪው ሳይጎብጥና ነርቭ ሳይጎዳ መድረስ ግን በምርመራው ፍጥነት ይወሰናል።