አራት ሰዓት ከማሽኑ ጋር

የምሠራው የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ነርስ ነኝ። ታካሚው አንዴ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ለአራት ሰዓት ያህል አይነሣም። ክንዱ ላይ በተሠራለት ፊስቱላ ሁለት መርፌ ይገባል፤ በአንዱ ደሙ ወደ ማሽኑ ይወጣል፣ በሌላው ተጣርቶ ይመለሳል። በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ቢያልፍ እጥበቱ እስኪያበቃ ከ70 ሊትር በላይ ይሆናል። ሰውነታችን የያዘው ደም አምስት ሊትር ገደማ ስለሆነ ያው ደም ደጋግሞ ይዞራል። ይህ ሁሉ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ አቅም ያጠረው ሁለት ቀን ይመጣል። ያን ያህል ሰዓት ሰው በምን እንደሚያሳልፈው ከመርፌው እኩል ያሳስበኛል።

ማንበብ ለሚወድ ሰው ወንበሩ አይመችም። ፊስቱላ ያለበት ክንድ መንቀሳቀስ የለበትም። በሌላው ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያው ታስሯል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ሲያጠብቅ ጣት ይደነዝዝና መጽሐፉ ደረት ላይ ዘፍ ይላል። አንድ ጡረተኛ መምህር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዘው ይመጡ ነበር። ያን የሚያህል መጽሐፍ በአንድ እጅ ደግፎ ገጽ መግለጥ እንዴት ይሆናል? በኋላ ልጃቸው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ስልካቸው ላይ ጫነችላቸው። መጽሐፉን በወጣትነታቸው አንብበውታል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቁታል፤ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል።

አጠገባቸው የሚታጠብ ወጣት ሹፌር አንድ ቀን «ጋሼ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቅዎት?» አላቸው። «ጉዱ ካሳ ነዋ!» አሉት። ከዚያ በኋላ ኢርፎኑን ነቅለው ድምፁን ዝቅ አድርገው ለሁለት ይሰሙ ጀመር። ልጁ መጽሐፉን አንብቦት አያውቅም። ፊታውራሪ መሸሻን ሲረግም እሳቸው «ቆይ፣ ገና ነህ!» ይሉታል። በመጨረሻው ሰዓት ግፊታቸው ዝቅ ሲልና የባታቸው ጡንቻ ሲኮማተር ትረካው እንዲቆም በእጃቸው ያመለክታሉ፤ እግራቸውን አሽቼላቸው ሲሻላቸው ልጁ ካቆመበት ያስቀጥላል።

አንዲት ወጣት ደግሞ ፊልም ነው የምትወደው። ቀልድ ያለበትን ስታይ እሰጋለሁ፤ ስትስቅ ክንዷ ይነቃነቅና ማሽኑ ይጮሃል። ቢሆንም አልከለክላትም፤ መርፌውን በፕላስተር አጥብቄ አስርላታለሁ። እጥበቷ አልቆ ፊልሙ ካላለቀ የቀረውን ቤቷ አታየውም፤ ለሚቀጥለው እጥበቷ፣ ለሐሙስ ታቆየዋለች። ድሮ ሐሙስ ሲደርስ ከዋዜማው ጀምሮ ይከፋት እንደነበር እናቷ ነግራኛለች።

የማልወደው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ነው። አንድ ጣቢያ ተከፍቶ ለሁሉም ይጮሃል፤ መነሣት የማይችል ሰው ደግሞ ያልመረጠውን ለመስማት ይገደዳል። ሙዚቃ ክሬቲኒን እንደማይቀንስ አውቃለሁ፤ መድኃኒት ነው ብዬም ለማንም አልሰብክም። ግን መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ፣ ምን እንደሚበላ ሁሉ ለሚታዘዝ ሰው፣ የሚሰማውን ራሱ መምረጡ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ አዲስ ታካሚ ስመዘግብ ስለ አለርጂው ጠይቄ ሳበቃ «ምን መስማት ይወዳሉ?» እላለሁ። አንዳንዱ ይደነግጣል፤ ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅማ።

እኔም የራሴ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የማሽን ጩኸት ስሰማ ውዬ ታክሲ ውስጥ የእማሆይ ጽጌ ማርያምን ፒያኖ እከፍታለሁ። ግጥም የለውም፤ ማንም «ሲስተር!» ብሎ አይጠራኝም። ቤት ስደርስ ልጆቼን ለማናገር ጉልበት ይኖረኛል።

ለቤተሰቦች አንድ ነገር ልበል። ሕመምተኛ ጥየቃ ስትመጡ እንደ ልማዳችን ሙዝና ብርቱካን ትይዛላችሁ፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ያ ሁሉ ፖታሲየም ለልብ አደገኛ ነው። ፍሬውን ተዉትና የሚወደውን ዘፈን፣ መዝሙር ወይም ትረካ ስልኩ ላይ ጫኑለት። ኢርፎንም አትርሱ፤ ሽቦው ረዘም ያለ ይሁን።