«ጎማ ጎማ ነው» ካሏችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የፍሬን ቱቦ ስንቀይር ምን እንይ?

ባለፈው ክረምት አንዱ ባልደረባችን ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረደ የፊት ፍሬን ሲይዝ እጀታው ዘው ብሎ መሪው ጋ ደረሰ። ባዶ! የኋላውን ረግጦ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ እንደምንም ዳር ያዘ። ወርዶ ሲያይ የፊት ጎማው በፍሬን ዘይት ርሷል። ቱቦው ከ3 ቀን በፊት «ተሠርቶ» ነበር። መካኒኩ የተሰነጠቀውን ቦታ ቆርጦ በመሃል የቤንዚን ጎማ አስገብቶ በማሰሪያ አስሮለታል። ሜዳ ላይ በለስላሳው ሲይዘው ችሎ ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን አልቻለም።

ይሄ የሚመለከተው ዲስክ ፍሬን ያለው ሞተር የምትነዱትን ነው፤ አፓቼ፣ ፐልሰር እና የመሳሰሉትን። የፊት ፍሬናችሁ በሽቦ የሚሠራ ታምቡር ከሆነ ቱቦም ዘይትም የለውም፣ እለፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እጀታውን ስትጨብጡ መሪው ላይ ያለው ፖምፓ ዘይቱን ይገፋዋል፣ ዘይቱ ደግሞ ታች ያለውን ፒስተን ገፍቶ ሸራውን ዲስኩ ላይ ያጣብቀዋል። ዘይት አይታመቅም፣ ስለዚህ የጣታችሁ ጉልበት በሙሉ እታች ይደርሳል። ቱቦው ካበጠ ግን ጉልበቱ ቱቦውን በመንፋት ያልቃል። እጀታው ስፖንጅ ስፖንጅ የሚላችሁ አንድም በዚህ ነው፣ አንድም መስመሩ ውስጥ አየር ስለገባ ነው።

የቤንዚን ጎማ ለምን አይሆንም? ቤንዚኑ ከታንከር ወደ ካርቡሬተር የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው፣ ግፊት የለውም ማለት ይቻላል። ፍሬን በደንብ ሲያዝ ግን ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ንፋስ ከ20 እጥፍ በላይ ይሆናል። የአሜሪካው የፍሬን ቱቦ ደረጃማ ቱቦው 4000 ፒኤስአይ ግፊት ለ2 ደቂቃ ሳይፈነዳ እንዲችል ያስገድዳል። ለዚህ ነው ትክክለኛው ቱቦ በውስጡ የተሸረበ ክር ያለው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። የቤንዚን ጎማ የሚሠራበት ላስቲክ ቤንዚን ይችላል፣ የፍሬን ዘይት ግን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። የፍሬን ቱቦው ላስቲክ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ የፍሬን ዘይት ይችላል፣ የሞተር ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል። ስለዚህ «ለጊዜው» ብላችሁ ፖምፓው ውስጥ የሞተር ዘይት ካደረጋችሁ ቱቦውን ብቻ ሳይሆን ጎሚኒውን ሁሉ ገደላችሁት ማለት ነው። ፖምፓው ክዳን ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ ተጽፏል፣ እሱን ግዙ።

ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ቱቦ ፈትታችሁ ይዛችሁት ሂዱ። መጀመሪያ አዲሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ዲ፣ ኦ፣ ቲ የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ የውስጥ ስፋቱ ይጻፍበታል። ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ጎማ ሰውየው «ኦርጅናል ነው» ብሎ ቢምልላችሁም ተዉት። (ሁሉም ነገር ኦርጅናል የሆነበት አገር ነው ያለነው።) ጽሑፍም ሊኮረጅ ይችላል፣ ስለዚህ ጫፎቹን እዩ። ብረቱ ላስቲኩ ላይ በፋብሪካ ተጨምቆ የገባ መሆን አለበት፣ በማሰሪያ የታሰረ አይሆንም። ቱቦውን ስታጥፉት ላዩ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል።

ርዝመቱ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ ከዚያ ቀኝ አዙሩ። የፊቱን ከፍ አድርጋችሁ አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። በዚህ ሁሉ ቱቦው መወጠር የለበትም፣ ጎማውንም ጭስ ማውጫውንም መንካት የለበትም። መሪውን ከፍ ባለ የቀየራችሁ ደግሞ የድሮው ርዝመት አይበቃችሁም። የጫፎቹም አንግል ከአሮጌው ጋር ይመሳሰል፣ አለበለዚያ ቱቦውን ጠምዝዞ ማሰር ይመጣል። ብዙ ቱቦዎች ላይ ቀጥ ያለ መስመር የሚሰመረው መጠምዘዙ እንዲታወቅ ነው።

ብሎኑን ከቻላችሁ አትቀይሩ። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ብሎኖች ጥርሳቸው 1.0ም 1.25ም ይሆናል፣ ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው አይለዩም። የማይገጥመውን በጉልበት ካስገባችሁት የፖምፓው አልሙኒየም ጥርስ ይበላል። የመዳብ ሮንዴላዎቹን ግን ሁሌም አዲስ አድርጉ፤ በጣም ርካሽ ናቸው፣ አንዴ የተጨመቀ ሮንዴላ ደግሞ ያንጠባጥባል።

በብረት ሽቦ የተሸረበው ቱቦስ? ጥሩ ነው፣ ብዙ አያብጥም፣ እጀታው ጠንከር ይላል። ግን ሽቦው እንደ መጋዝ ነው፣ ላዩ ካልተሸፈነ የነካውን ቀለምም ፕላስቲክም ይበላል። ለዕለት ሥራ ጥሩ የላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ያማሃ በመመሪያው የፍሬን ቱቦን በየ4 ዓመቱ፣ ዘይቱን በየ2 ዓመቱ ቀይሩ ይላል።

ከገጠማችሁ በኋላ አየሩ በደንብ ይውጣ። ከዚያ ሞተሩን አቁማችሁ እጀታውን በሙሉ ጉልበት ጨብጣችሁ ትንሽ ቆዩ። ቀስ እያለ ወደ መሪው ከወረደ አንድ ቦታ ያፈሳል፤ ሁለቱን ብሎኖች በነጭ ሶፍት ጠርጉና እዩ። የባልደረባችን ሞተር አዲስ ቱቦ ከገባለት በኋላ እንኳ የላይኛው ሮንዴላ ጋ ሶፍቱ ረጥቦ ነበር፣ አሮጌውን መልሰው አስረውት ነው።