ከሰባት እስከ አሥር፦ በጀማሪ ክፍሎች ሥርዓትና መከባበር እንዴት ይገነባል?



የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝባት ጉብሬ መስከረም ሲገባ ሁለት ዓይነት ተማሪዎች በመንገዱ ላይ ይታያሉ። አንዱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያቀና ወጣት ነው። ሌላው አዲስ ዩኒፎርም ለብሶ አንደኛ ክፍል የሚገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ይህ ልጅ እስከ ትናንት በመንደሩ ሰፊ ጀፎረ ላይ ሲሮጥና ሲጫወት ነበር። ዛሬ በአንድ ዴስክ ለሦስት ለአራት ተጣቦ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ፣ ወረፋ እንዲጠብቅና ቤቱ ከሚነገርበት ጉራጊኛ በተለየ በአማርኛ እንዲማር ይጠበቅበታል።

ልጁ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይችልም። ይንጫጫል፣ ይነሳል፣ ጓደኛውን ይገፋል። በብዙ ክፍሎች የሚሰጠው ምላሽ ደግሞ ዱላ ነው። ወላጆችም ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ «ቲቸር፣ ካጠፋ ግረፈው» ብለው አደራ ይሰጣሉ። ለዚህም ሐዲስ የሚጠቅሱ አሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሐዲሱን እንመለከታለን፤ ከዚያም በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ያየናቸውንና በጀማሪ ክፍሎች የሚሠሩትን መንገዶች እናካፍላለን።

ሐዲሱ ለማን ይመሰክራል?

አቡ ዳውድ በዘገቡት ታዋቂ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆች ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በሰላት እንዲታዘዙ፣ አሥር ሲሞላቸው ደግሞ ከተውት እንዲቀጡ አስተምረዋል። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነው። በሰባትና በአሥር መካከል ግን ሦስት ሙሉ ዓመታት አሉ። በቀን አምስት ሰላት ብለን ብናሰላ፣ ወላጅ ስለ ቅጣት ከማሰቡ በፊት ከ5 ሺህ ጊዜ በላይ የማስተማርና የማስታወስ ዕድል አለው ማለት ነው። ዑለማዎችም ስለ አሥር ዓመቱ ቅጣት ሲያብራሩ የማይጎዳ እንዲሆን፣ ፊት እንዳይነካና በቁጣ ስሜት እንዳይፈጸም ገደብ አስቀምጠዋል።

አሁን ይህን ከትምህርት ቤታችን ጋር እናነጻጽር። በአገራችን ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ሐዲሱ ለትምህርት ብቻ የተዋቸው ዓመታት ናቸው። ከእምነቱ ምሰሶዎች አንዱ በሆነው ሰላት እንኳ በዚህ ዕድሜ ያልተመታ ልጅ፣ እርሳስ ስለጠፋበት ወይም «ሀ ሁ»ን ስላሳሳተ እንዴት ይመታል? ስለዚህ ይህ ሐዲስ የሚመሰክረው በአንደኛ ክፍል ልጅ ላይ ዱላ ለሚያነሳ ሰው ሳይሆን ለልጁ ነው።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የራሳቸው ተግባርም ይህንኑ ያሳያል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እርሳቸውን ማገልገል የጀመረው ገና ልጅ ሳለ ነው። በአሥር ዓመት አገልግሎቱ አንድም ጊዜ «ኡፍ» እንዳላሉት ተናግሯል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) በአላህ መንገድ ከተደረገ ፍልሚያ በስተቀር በእጃቸው ማንንም መትተው እንደማያውቁ ዘግበዋል።

የአገሪቱ ሕግም ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕጻናት በትምህርት ቤቶችና በሌሎች የሕጻናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ኢብኑ ኸልዱንም ከ600 ዓመታት በፊት በሙቀዲማቸው ተማሪን በጭካኔ ማስተማር ውሸትንና ማስመሰልን እንደሚያለማምደው ጽፈዋል። ዱላ የሚፈራ ልጅ የሚማረው እንዳይታይ መጠንቀቅን ነው። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳ ሲያዞር የሚሆነውን ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

መጀመሪያ ልማድን ማስተማር

ታዲያ ያለ ዱላ ክፍሉ እንዴት ይያዛል? የጀማሪ ክፍል ሁከት አብዛኛው የሚነሳው ትምህርት እየተሰጠ ሳለ ሳይሆን በመሸጋገሪያ ጊዜ ነው፤ ሲገቡ፣ ደብተር ሲያወጡ፣ እርሳስ ሲቀርጹ፣ ሽንት ቤት ሲጠይቁ። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ቢባክን፣ በቀን በስድስት ክፍለ ጊዜ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ይሆናል። ይህም ወደ አራት የሚጠጋ ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጥሩ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከፊደል እኩል ልማድ ያስተምራል። እንዴት እንደሚገባ፣ ቦርሳ የት እንደሚቀመጥ፣ መናገር የፈለገ እጁን እንዴት እንደሚያወጣ ራሱ ሠርቶ ያሳያል፤ ልጆቹም ደጋግመው ይለማመዱታል። ዝም ለማሰኘት ከመጮህ ይልቅ አንድ የታወቀ ምልክት ይጠቀማል። ለምሳሌ መምህሩ ሦስት ጊዜ ሲያጨበጭብ ልጆቹ ሁለት ጊዜ አጨብጭበው እጃቸውን ያጣጥፋሉ።

እኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ትምህርት ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ መስቀል ይመጣል። አረፋም በትምህርት ወራት ሲውል ቤቱ ሁሉ ከአዲስ አበባና ከሌላም ከተማ በመጡ ዘመዶች ይሞላል። ከበዓል የተመለሰ የሰባት ዓመት ልጅ የለመደውን ግማሹን ረስቶ ነው የሚመጣው። ይህ ጥጋብ አይደለም። ከበዓል በኋላ ያለው የመጀመሪያ ቀን ልማዱን እንደገና ለማስታወስ ቢውል ኪሳራ የለውም።

ጥቂት ደንብ፣ አብሮ የወጣ

ሃያ ደንብ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ገና ማንበብ ያልጀመረ ልጅ አያውቀውም። አራት ይበቃል፤ ለምሳሌ «እጃችንን አውጥተን እንናገራለን፣ የሚናገርን እናዳምጣለን፣ እጃችን ለሥራ እንጂ ለመምታት አይደለም፣ የሰው ዕቃ ጠይቀን እንወስዳለን»። ደንቡ «አትጩህ፣ አትንካ» ከሚል ይልቅ ምን እንደሚደረግ ቢናገር ይመረጣል። ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) ልጅ ሳለ ሲበላ እጁ በሳህኑ ዙሪያ ይዞር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልገሰጹትም። በአላህ ስም እንዲጀምር፣ በቀኙ እንዲበላና ከፊት ለፊቱ እንዲበላ ነገሩት። ሦስት አጭርና ግልጽ ትምህርት ሆነ።

ደንቡ ከልጆቹ ጋር ተነጋግሮ ቢወጣ ደግሞ ይከበራል። ሰባት ቤት ጉራጌ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የጆካ ቂጫ ክብር ያገኘው ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ተመካክረውና ተስማምተው ስላጸኑት ነው። «ጓደኛችሁ ሲገፋችሁ ምን ይሰማችኋል? ምን ብንስማማ ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ለክፍሉ ትንሽ ቂጫ እያስወጣ ነው።

«የረባሾች ስም» ይቅር

ብዙዎቻችን ያለፍንበት አንድ ልማድ አለ። መምህሩ ሲወጣ የክፍል አለቃው ጠመኔ ይዞ «ረባሾች» ብሎ ስም ይጽፋል። መምህሩ ሲመለስ የተጻፈው ሁሉ ይቀጣል። በዚህ መንገድ የስምንት ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ላይ ፈራጅ ይሆናል። ቆሎ ያካፈለው ስሙ ይሰረዛል፣ የተጣላው ይጻፋል። በየቀኑ ስሙ የሚጻፍ ልጅም «ረባሽ» መሆኑን አምኖ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ስሙን ላለማሳፈር መረበሽ ብቻ ይቀረዋል።

በምትኩ ኃላፊነቱን ማዳረስ ይቻላል። አንዱ ሰሌዳ ያጠፋል፣ አንዷ ደብተር ትሰበስባለች፣ ሌላው በር ይዘጋል፤ በየሳምንቱም ይቀያየራሉ። ስም መጻፍ ካስፈለገ የረዳ፣ ያካፈለና ይቅርታ የጠየቀ ልጅ ስም ይጻፍ። ኢማሙ አል ገዛሊም ልጅ መልካም ሲሠራ በሰው ፊት እንዲመሰገን፣ የመጀመሪያ ስህተቱ ደግሞ በዝምታ እንዲታለፍ መክረዋል።

ከመቅጣት በፊት «ለምን?»

ራፊዕ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ልጅ ሳለ የሰው ተምር በድንጋይ ሲመታ ተይዞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀረበ። እርሳቸው መጀመሪያ ለምን እንደሚወረውር ጠየቁት። ርቦት እንደሆነ ሲነግራቸው እንዳይወረውርና ከሥር የወደቀውን እንዲበላ ነገሩት፤ ራሱንም ዳብሰው ዱዓ አደረጉለት። ምክንያቱን ጠየቁ፣ ጥፋቱን ከለከሉ፣ የተፈቀደውን መንገድ አሳዩ፤ ልጁንም በፍቅር አሰናበቱ።

በክፍላችን የሚያስቸግረው ልጅም ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ይሆናል። ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፣ ወይም ጆሮው በደንብ አይሰማ ይሆናል። ጉራጊኛ ብቻ የሚናገር ልጅ ደግሞ ትእዛዙ ስላልገባው «እምቢተኛ» ሊባል ይችላል። ወንበር መቀየር ወይም በቋንቋው አንድ ቃል መናገር አርጩሜ የማይፈታውን ችግር ይፈታል።

እርማቱም ከትንሽ ይጀምር። መጀመሪያ ማየት ብቻ፣ ቀጥሎ ወደ ልጁ ቀርቦ መቆም፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ በጆሮው መናገር። ያበላሸው ነገር ካለ እንዲያስተካክል ማድረግ ይከተላል፤ የደፋውን ውሃ ያብሳል፣ ያስለቀሰውን ጓደኛ ይቅርታ ይጠይቃል። ጥፋቱ ከተደጋገመ ወላጅ ይጠራል። «ደደብ» ማለት፣ ማንበርከክ፣ ጆሮ መጠምዘዝ ግን ከእነዚህ ደረጃዎች ውስጥ የሉም።

«70 ልጅ ይዤ ይህን ሁሉ?» የሚል መምህር እውነት አለው። የመንግሥት መለኪያ በክፍል 50 ቢሆንም ከዚያ በላይ የሚያስተምሩ ብዙዎች ናቸው። ቢሆንም ቁጥሩ በበዛ መጠን እያንዳንዱን ልጅ በዱላ መከታተል አይቻልም። ለብዙ ልጆች የሚበቃው የተለመደ ሥርዓት ነው።

የተከበረ ልጅ ያከብራል

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልጆች በኩል ሲያልፉ ቀድመው ሰላምታ ያቀርቡ ነበር። የአነስ ትንሽ ወንድም የሚጫወትባት ወፍ ስትሞትበት «አቡ ዑመይር» በሚል የአዋቂ ኩንያ ጠርተው ስለ ወፏ ጠይቀውታል። መምህር የልጆቹን ስም ከያዘ፣ በር ላይ ቆሞ ሰላም ካላቸውና ከታመሙ ከጠየቃቸው መከባበርን በተግባር አስተማራቸው ማለት ነው።

በጉብሬ አንድ ዴስክ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። በጓደኛዋ ሒጃብ የምትስቅ ወይም በጓደኛው ማተብ የሚሳለቅ ልጅ እኩል ሊታረም ይገባል። ልጆቻችን ለእምነታቸው ክብር እንዲያገኙ ከፈለግን የጎረቤትን እምነት ማክበርን ከቤት ይዘው መሄድ አለባቸው።

ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መድረሳ

አንድ ልጅ በቀን ሦስት ቦታ ይውላል። ትምህርት ቤት ዱላ ቀርቶ መድረሳ አለንጋ ከጠበቀው፣ ወይም ቤት ስድብ ከሰማ፣ ግራ ይጋባል። ወላጆች ከመምህሩና ከኡስታዙ ጋር በየወሩ አንድ ጊዜ እንኳ ቢገናኙና በተመሳሳይ ደንብ ቢስማሙ ልጁ ያርፋል። መድረሳ ላይ ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ቁርአንን ከአለንጋ ጋር ያገናኘ ልጅ ካደገ በኋላ ሙስሐፉን ለመክፈት ልቡ ይከብደዋል።

ውድ ወላጆች፣ ዘንድሮ ልጃችሁን ስታስመዘግቡ «ካጠፋ ግረፈው» የሚለውን ቃል «ካጠፋ ንገሩኝ፣ አብረን እናስተምረው» በሚለው ቀይሩት። ከሰባት እስከ አሥር ያሉት ዓመታት ለትምህርት የተሰጡን ናቸው፤ ተመልሰውም አይመጡም። አላህ ልጆቻችንን ሷሊሕ፣ መምህሮቻችንንም ታጋሽ ያድርግልን። ኣሚን።