ጥፋቱ የሁለት፤ ስሙ የአንዲት

አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይላል ያገራችን ሰው። ጠብ ሲነሣ፥ ውል ሲፈርስ፥ ማኅበር ሲበተን ይህን ተረት እየጠቀስን ሁለቱንም ወገን እንጠይቃለን። አንድ ሹምና አንዲት ጸሐፊ በፍቅር ተያይዘው ወሬያቸው አደባባይ የወጣ ዕለት ግን ተረቱን እንረሳዋለን። ያን ጊዜ ያጨበጨበው አንዱ እጅ ብቻ ይመስለናል፤ እርሱም የሴቲቱ እጅ ነው።

ይህን ነገር ዛሬ የምንመለከተው በስፖርት ዓለም ነው። ስለ ምን በስፖርት ቢባል፥ በሌላው መሥሪያ ቤት የሹሙና የሠራተኛይቱ ነገር ከቡና ሰዓት ሐሜት እምብዛም አያልፍም፤ ሰውየው የታወቀ አሠልጣኝ ሲሆን ግን በማግስቱ ዓለም ሁሉ ያነበዋል። ደግሞም ስፖርት አንድ ሜዳ፥ አንድ ሕግ፥ አንድ ዳኛ ያለበት ነው እየተባለ ይመሰገናል። እስቲ ይህ ምስጋና ከሜዳው ውጭም ይሠራ እንደ ሆነ እንይ። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናሳስብ። በዚህ ጽሑፍ የወንዶቹ ስም ይጠራል፤ የሴቶቹ ግን አይጠራም። ወንዶቹ ትልቅ ሥልጣን የያዙ ሰዎች ስለ ነበሩ በሥልጣናቸው ዘመን ያደረጉት ነገር በስማቸው ሊነገር ይገባል። የሴቶቹ ስም ግን ከበቂ በላይ ስለ ተጠራ እኛ የምንጨምርበት ምክንያት አይታየንም።

መጀመሪያ ወደ ለንደን እንሂድ። በ2004 የእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ስዊድናዊው ስቬን ጎራን ኤሪክሰን ነበር። ቡድኑ በዚያው ዓመት በአውሮጳ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ በፖርቱጋል በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፎ ከተመለሰ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፥ «ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ» የተባለው፥ በ2011 የተዘጋው የእሑድ ጋዜጣ አንድ ወሬ አወጣ። ወሬውም ኤሪክሰን በእግር ኳስ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ከምትሠራ አንዲት ጸሐፊ ጋራ የፍቅር ግንኙነት አለው የሚል ነበር። ማኅበሩ በመጀመሪያ ሐሰት ነው ሲል ካደ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን እውነት መሆኑን አመነ። ነገሩ በዚህ ብቻ አልቆመም፤ የማኅበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ ማርክ ፓሊዮስም ከዚህችው ሴት ጋራ ግንኙነት እንደ ነበረው ታወቀ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የማኅበሩ የማስታወቂያ ሹም ኮሊን ጊብሰን ያደረገው ነው። የሥራ አስኪያጁ ስም እንዳይወጣ ሲል፥ በምትኩ ስለ ኤሪክሰን ያለውን ዝርዝር ሊሰጥ ከጋዜጣው ጋራ ተደራደረ። ጋዜጣው ድርድሩን ራሱን አትሞ አወጣው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በዚህ ገበያ ሁለት የወንድ ስሞች ተመዝነው አንዱ ይዳን፥ ሌላው ይሰዋ ተብሎ ነበር። የሴቲቱ ስም ግን ከሚዛኑ ላይ እንኳ አልወጣም። የእርሷ ነገር የሚሸጠው ዕቃ ነበረ።

ፓሊዮስ በኦገስት 1 ቀን ሥራውን ለቀቀ፤ የማስታወቂያው ሹምም ለቀቀ፤ ሴቲቱም ለቀቀች። ኤሪክሰንን ግን ማኅበሩ መርምሮ የሚያስጠይቀው ነገር የለም ስላለ እስከ 2006ቱ የዓለም ዋንጫ ድረስ ቡድኑን መራ። ስለ እርሱ ቀልድ አልጠፋም፤ ዋናው ጥያቄ ግን «ቡድኑን ይዞ ይቆያል ወይስ አይቆይም?» የሚል የሥራ ጥያቄ ነበር። ስለ ሴቲቱ የተጠየቀው መልኳ፥ ልብሷና ያለፈ ኑሮዋ ነው። በ2005 አሠሪዋን ከሳ በሥራ ክርክር ዳኞች ፊት ቀረበች፤ ዳኞቹም ክሷን አልተቀበሉትም።

ከዚያስ ወዲያ? ኤሪክሰን ማንቸስተር ሲቲን፥ የሜክሲኮንና የአይቮሪ ኮስትን ብሔራዊ ቡድኖች አሠለጠነ። በ2024 በካንሰር ታሞ ሳለ የሊቨርፑል ክለብ የቀድሞ ተጫዋቾቹን ቡድን በአንፊልድ እንዲመራ ጋበዘው፤ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብም ቆሞ አጨበጨበለት። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ሲሞት ዓለም የሸኘው በክብር ነው። ፓሊዮስም በ2014 ትራንሚር ሮቨርስ የተባለውን ክለብ ከባለቤቱ ጋራ ይዞ ሊቀ መንበር ሆነ። ይህ ሁሉ ለእነርሱ በመሆኑ ቅር አይለንም፤ ሰው በአንድ ስሕተት ዕድሜ ልኩን መቀጣት የለበትም። የምንጠይቀው ይህ ምሕረት ለሴቲቱ ስለ ምን አልደረሳትም ብለን ነው። የእርሷ ስም ከ20 ዓመት በኋላም የሚነሣው ስለዚያው ሰሞን ነገር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን በአሜሪካ በአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ የተማሪዎች ጨዋታ ይባል እንጂ ትልልቆቹ አሠልጣኞች በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ቦቢ ፔትሪኖ በኤፕሪል 1 ቀን 2012 በሞተር ብስክሌት ወድቆ ተጐዳ። ብቻዬን ነበርሁ አለ። ኋላ ግን ከኋላው አንዲት የ25 ዓመት ሴት ተቀምጣ እንደ ነበረችና እርሱ ራሱ በቅርቡ በቡድኑ ጽሕፈት ቤት የቀጠራት እንደ ሆነች ታወቀ። ከ159 አመልካቾች መካከል ስትመረጥ ግንኙነታቸውን ለአለቆቹ አልገለጠም ነበር፤ 20 ሺህ ዶላርም ሰጥቷት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ፔትሪኖን በ10ኛው ቀን አባረረው፤ ሴቲቱም ለቀቀች።

እዚህ ላይ ፍርዱ ለጊዜው እኩል ይመስላል፤ ሁለቱም ከሥራቸው ወጥተዋልና። ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውን እንመልከት። በስምንተኛው ወር ገደማ ፔትሪኖ በዌስተርን ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሆነ፤ በ2014 ወደ ሉዊቪል ሄደ፤ በ2023 መጨረሻ ያው ያባረረው አርካንሳስ ለረዳት አሠልጣኝነት መልሶ ቀጠረው። በሴፕቴምበር 2025 ዋናው አሠልጣኝ ሲነሣም፥ ከ13 ዓመት በፊት በተባረረበት ወንበር ላይ በጊዜያዊነት ተቀመጠ። «ሁለተኛ ዕድል» የሚለው ቃል ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል። ያ ቃል ስለ ሴቲቱ ተጽፎ ያነበበ ሰው ካለ ይንገረን።

ሦስተኛው የቦስተን ነው። በሴፕቴምበር 22 ቀን 2022 ቦስተን ሴልቲክስ የተባለው የቅርጫት ኳስ ክለብ አሠልጣኙን ኢሜ ኡዶካን ደንብ ተላልፏል ብሎ ለአንድ የውድድር ዘመን አገደው። ኡዶካ ገና በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑን ለፍጻሜ ያደረሰ ሰው ነበር። ጋዜጠኞችም ነገሩ በክለቡ ከምትሠራ ሴት ጋራ ካደረገው ግንኙነት የተነሣ መሆኑን ጻፉ። ክለቡ የሴቲቱን ስም አልገለጠም፤ ደግ አደረገ።

እንግዲያስ ስሟ ካልተጠራ ሴት አትጐዳም ይባል ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። የወሬ ረኀብ የያዘው ሕዝብ በትዊተር ላይ «ይህች ትሆን? ያቺ ትሆን?» እያለ በክለቡ የሚሠሩትን ሴቶች ፎቶግራፍ እየለጠፈ ያከፋፍል ጀመር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። የክለቡ የበላይ ኃላፊ ብራድ ስቲቨንስ በማግስቱ ለጋዜጠኞች ሲናገር፥ ያለፈው ቀን በክለቡ ሴቶች ላይ እጅግ የከበደ እንደ ነበረና ብዙዎች ያለ አግባብ በነገሩ እንደ ተጐተቱ በምሬት ገለጠ። አንድ ወንድ ጥፋተኛ ነው ቢባል ወንዶች ሁሉ አልተጠረጠሩም። የአንዲት ሴት ስም ቢደበቅ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሴቶች ሁሉ ተጠረጠሩ። ኡዶካ ከሰባት ወር በኋላ በሂውስተን ሮኬትስ ተቀጠረ፤ በ2024-25 ውድድርም ቡድኑ ከ82 ጨዋታ 52ቱን አሸነፈ።

ከሦስቱ ምሳሌዎች የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው። አሠልጣኝ ያደፈ ስሙን የሚያጥብበት ውሃ አለው፤ ውሃውም ድል ነው። በየሳምንቱ ውጤት ሰሌዳ ላይ ቁጥር ይጻፍለታል፤ ሲያሸንፍ ሰው ይረሳለታል። ጸሐፊይቱ ግን የምታነሣው ዋንጫ የላትም። ደብዳቤ በጥሩ ሁኔታ ስለ ጻፈች፥ ቀጠሮ በሚገባ ስለ ያዘች ስታዲየም ተነሥቶ አያጨበጭብላትም። ስለዚህ የወንዱ ስሕተት በሥራ ታሪኩ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ሲያልፍ፥ የሴቲቱ ስሕተት ራሱ ታሪኳ ይሆናል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ ለእርሷ የሚውለው ግን ይኸው የወሬ ስም ነው።

ይህ የፆታ ሳይሆን የማዕረግ ልዩነት ነው የሚል ሰው ይኖራል። ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ማዕረጉን ማን ይዞታል? በአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ቤኪ ሃመን በሙሉ ጊዜ የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሴት ረዳት አሠልጣኝ የሆነችው በ2014 ነው። ውሃው ያለው ከላይ፥ ሴቶቹ ያሉት ከታች እስከ ሆነ ድረስ ማዕረግና ፆታ አንድ ነገር ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ወሬ በተነሣ ቁጥርም ከታች ወደ ላይ የሚወስደው በር ለሌሎቹ ሴቶች ይጠብባቸዋል፤ ሴት ወደ ቢሮ በገባች ቁጥር ለምን ሥራ ገባች ተብሎ ይጠየቃልና።

ሌላው ደግሞ «ሴቲቱ ሕፃን አይደለችም፤ እርሷም ፈቅዳ ነው፤ አንዳንዷም ታሪኳን ለጋዜጣ ሸጣለች» ይላል። የለንደኗ መሸጧ እውነት ነው። ታሪኳን ግን መጀመሪያ የሸጡት ሌሎች ናቸው። ሕፃን አለመሆኗም እውነት ነው፤ ሴትን ሁልጊዜ እንደ ተታለለች ልጅ መቍጠር ራሱ ሌላ የመናቅ መንገድ ነው። ስለዚህ ያጠፋችውን ያህል ትጠየቅ እንላለን። ሹሙ ግን ዕድገት ይሰጣል፥ ደመወዝ ይጨምራል፥ ይቀጥራል፥ ያሰናብታል። የበታቹ «እሺ» ሲል ምን ያህሉ ፈቃድ፥ ምን ያህሉ ፍርሃት እንደ ሆነ ለማወቅ አይቻልም። በአርካንሳስም ዋነኞቹ ተበዳዮች በትክክል ተወዳድረናል ብለው ያመኑት የቀሩት አመልካቾች ናቸው። ሥልጣን የበዛለት ተጠያቂነቱም ሊበዛ ይገባል። ሹሟ ሴት፥ የበታቹም ወንድ ቢሆን ሕጉ ያው ነው።

ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው ብለን አንለፈው። ወንዱን «ሴት አውል ነው» ብለን በፈገግታ እናልፈዋለን፤ ለሴቲቱ የምንመርጠው ቃል ግን በጋዜጣ የማይጻፍ ነው። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ እያልን ሥራዋን ለወንድ እንሰጣለን፤ ጥፋት ሲመጣ ግን በሴት ያልቅ እንላለን። ዕድገት ያገኘች ሴት በመሥሪያ ቤቱ ስትታይ «በማን በኩል?» የሚለው ሹክሹክታ ከእንኳን ደስ ያለሽ ቀድሞ ይሰማል። ያው ዕድገት ለወንድ ሲሰጥ ጥያቄው አይነሣም።

ተማሪዎችና አዲስ ሹማምንት የሆናችሁ አንባቢዎች! ነገ ከነገ ወዲያ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ሹምና የበታች ግንኙነት ሲጀምሩ ለበላይ የሚያስታውቁበትና አንዱ የሌላው አለቃ መሆኑ የሚቀርበት ደንብ ይኑር። ምርመራ ሲደረግ የሁለቱም ስም ይጠበቅ፤ ለሁለቱም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ይሁን። እስከዚያው ድረስ ግን ደንብ የማይጠይቅ አንድ ሥራ አለ። ወሬው ከጠረጴዛችሁ ሲደርስ የሰውየውንና የሴቲቱን ቦታ በሐሳባችሁ ለውጡት፤ ለእርሷ ልትናገሩት ያሰባችሁትን ቃል ለእርሱም ትናገሩት እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ካልተናገራችሁት ቃሉን ዋጡት። ወሬ ተቀባይ ካጣ ሩቅ አይሄድም።